ካታሊስት በኪሎ አይገዛም

በንግድ ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ ሚዛንን ያምናል። ቡናውም፣ ሰሊጡም፣ ስኳሩም፣ ሚስማሩም በኪሎ ተመዝኖ ይገዛል፤ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። ስለዚህም ከባሕር ማዶ የተላከ የዋጋ ማቅረቢያ በእጃችን በገባ ጊዜ ዓይናችን በመጀመሪያ የሚያርፈው ለአንዱ ኪሎ በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው። ይህ ልማድ ለብዙው ዕቃ የሚበጅ ሲሆን፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣው ለፈለግሁት ዕቃ ግን አስመጪውን ለከባድ ኪሳራ፣ ደንበኛውንም ለሥራ መፍታት የሚዳርግ ነው። ዕቃውም ከሜታኖልና ከውሃ እንፋሎት ሃይድሮጂን ለማውጣት የሚያገለግለው የመዳብ ካታሊስት ነው።

ካታሊስት ማለት አንድን የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ ውስጥ የማያልቅ ነገር ነው። ለነጋዴ ለማስረዳት ደላላን መጥቀስ ይበቃል፤ ደላላ ገዥንና ሻጭን ያገናኛል እንጂ ዕቃውን ወደ ቤቱ አይወስድም። (ደላላ ድርሻውን ሳይቀበል እንደማይሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚህ ረገድ ካታሊስት ይሻላል።) ይህ የምንነጋገርበት ዕቃ መልኩ ጥቁር፣ ቅርጹም እንደ መድኃኒት ክኒን ተጠፍጥፎ የተሠራ ትንንሽ ፍሬ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከግማሽ የሚበልጠው የመዳብ ኦክሳይድ ሲሆን፣ የቀረው ዚንክ ኦክሳይድና አሉሚና ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው መዳቡ ነው፤ ዚንኩ መዳቡን በሥራው ይረዳዋል፣ ከአሉሚናው ጋርም ሆኖ ደቃቆቹን የመዳብ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ለያይቶ ይይዛቸዋል።

ፍሬዎቹ በብረት ቧንቧ ውስጥ ይሞላሉ። የሜታኖልና የውሃ ድብልቅ ወደ ተንነት ተለውጦ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት በላያቸው ሲያልፍ፣ በሌላው ጫፍ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ለማግኘት 5.33 ኪሎ ሜታኖልና 3 ኪሎ ውሃ ያስፈልጋል፤ ከዚሁ ጋር 7.33 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በተግባር ቧንቧውን ለማሞቅ የሚቃጠል ነገር ስለሚያስፈልግ የሜታኖሉ ፍጆታ ከዚህ ከፍ ይላል። ይህን የሜታኖልና የውሃ ለውጥ በመዳብ ላይ መርምሮ በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዴንማርካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ክሪስቲያንሰን ስለ ሆነ፣ ነገሩ ትናንት የተገኘ አዲስ ጥበብ ተብሎ ሊሸጥልን አይገባም።

ታዲያ ሃይድሮጂን የሚፈልግ ሰው ጋዙን በቀጥታ በሲሊንደር መግዛት ሲችል ስለ ምን በሜታኖል በኩል ይዞራል? መልሱ በጭነት ዋጋ ውስጥ ይገኛል። 50 ሊትር የሚይዝና በ200 አትሞስፌር ግፊት የተሞላ የብረት ሲሊንደር፣ ብዙዎቻችን ቦንቦላ የምንለው፣ በውስጡ ያለው ሃይድሮጂን 0.8 ኪሎ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የብረቱ ክብደት ግን ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ሲሊንደሩን በመኪና የሚያመላልስ ሰው በእውነቱ የሚያመላልሰው ብረት ነው። በአንጻሩ 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ሜታኖል 158 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በሒሳብ ደረጃ ከዚህ የሚወጣው ሃይድሮጂን ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ይህም ከላይ ከተነገረው ሲሊንደር የ37ቱን ያህል ነው። ለማሞቂያ የሚቃጠለውንና በማጣሪያው የሚቀረውን ብንቀንስ እንኳ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። ዕቃው ከጅቡቲ ተነሥቶ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ለሚጓዝልን ለእኛ ይህ ቁጥር ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ይህን ዓይነት መሣሪያ የሚፈልጉት የምግብ ዘይትን ወደ ጠንካራ ቅባት የሚለውጡ፣ ጠፍጣፋ መስታወት የሚሠሩ፣ ብረታ ብረትን ዝገት ሳይነካው በሙቀት የሚያለሰልሱ፣ እንዲሁም በሃይድሮጂን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ድርጅቶች ናቸው። የመኪና ሠሪዎችም በጊዜው ሞክረውት ነበር። የጀርመኑ ዳይምለር ኩባንያ ሜታኖልን በራሷ ላይ ወደ ሃይድሮጂን የምትለውጥ መኪና ሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ዋሽንግተን ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷታል። ከዚያ በኋላ ግን የመኪናው ዓለም ወደ ታመቀ ሃይድሮጂንና ወደ ባትሪ ዞረ። የሜታኖሉ ዘዴ ሥፍራው በአንድ ቦታ ተተክሎ በሚሠራ መሣሪያ ዘንድ ነው፤ በቻይና ይህን የመሰሉ መሣሪያዎች በብዛት ተተክለው ይሠራሉ፤ ለዋጋ ማቅረቢያም የሚሯሯጡ ሻጮች ከዚያው በብዛት ይመጣሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ፍሬ ልግባ። መዳብ ርካሽና ትጉህ ነው፤ እንደ ፕላቲነምና እንደ ፓላዲየም ያሉ ውድ ማዕድናትን ሳያስፈልግ በዝቅተኛ ሙቀት ይሠራል። ነገር ግን ጠላቱ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። የመዳብ ማቅለጫ 1085 ዲግሪ ስለ ሆነ 300 ዲግሪ ምንም የማያደርገው ይመስላል፤ ዳሩ ግን በካታሊስቱ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች እጅግ ደቃቃ በመሆናቸው፣ ከ300 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ መንቀሳቀስና እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ መግዘፍ ይጀምራሉ። ቅንጣቱ በገዘፈ ቁጥር ከጋዙ ጋር የሚገናኘው ፊቱ ያንሳል፤ ሥራውም ይደክማል። ይህ ከሆነ በኋላ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚያስችል ጥገና የለም።

ሁለተኛው ጠላት ድኝ ነው። ስለዚህ ጠላት የኢንዱስትሪ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ በሎይና ከተማ ሜታኖልን በፋብሪካ ማምረት በጀመረበት በ1923 እ.ኤ.አ. የተጠቀመው በዚንክና በክሮሚየም ኦክሳይድ ሲሆን፣ ይህም 300 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት የሚጠይቅ ነበር። መዳብ ከዚያ በቀለለ ግፊትና ሙቀት እንደሚሠራ በዚያን ጊዜም ይታወቅ ነበር። ሆኖም ከድንጋይ ከሰል የሚገኘው ጋዝ ድኝ ስላለበት መዳቡን በአጭር ጊዜ ይገድለው ነበር። የእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ. ኩባንያ በቢሊንግሃም ከተማ የመዳብ ካታሊስትን ለሜታኖል ምርት በፋብሪካ ያዋለው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚያስፈልገውም ግፊት ከ50 እስከ 100 አትሞስፌር ወረደ። በመካከሉ ያለፉት 43 ዓመታት የተጠበቁት ስለ መዳቡ አልነበረም። የተጠበቀው ድኙ የተጣራለት ጋዝ ነበር። ነጋዴ ወገኖቼ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢቀሩ ይህን ቢይዙ እወዳለሁ፤ የመዳብ ካታሊስት ዋጋ የሚወሰነው በላዩ በሚያልፈው ነገር ንጽሕና ነው።

ሦስተኛው ጠላት ክሎራይድ ነው፤ በእኔ አስተያየት ለእኛ ለአስመጪዎች ከሁሉ የሚከፋው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም የሚገባው በፋብሪካ ሳይሆን በመንገድ ላይ፣ ማለትም በእኛው በነጋዴዎቹ እጅ ነው። ክሎራይድ ከካታሊስቱ ዚንክና መዳብ ጋር ሲገናኝ በቀላሉ የሚቀልጥ ጨው ይፈጥራል። ዚንክ ክሎራይድ የሚቀልጠው በ290 ዲግሪ ገደማ፣ መሣሪያው ከሚሠራበት ሙቀት አጠገብ ነው። በዚህም የተነሣ ቅንጣቶቹ በፍጥነት ተሯሩጠው ይጣበቃሉ፤ ለዓመታት ሊያገለግል የሚችለው ካታሊስት ዕድሜው በወራት ሊቆጠር ይችላል።

በዓለም ገበያ ለሜታኖል ደረጃ ያወጣው ዓለም አቀፍ የሜታኖል አምራቾችና ተጠቃሚዎች ማኅበር፣ ክሎራይድም ሆነ ድኝ በ1 ኪሎ ሜታኖል ውስጥ ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህም በ1 ቶን ውስጥ ግማሽ ግራም ማለት ነው። እንግዲህ የባሕር ውሃ በ1 ሊትር ውስጥ 19 ግራም ያህል ክሎራይድ መያዙን አስቡ። በመርከብ ታንክ ውስጥ የቀረ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ፣ 38 ቶን ፍጹም ንጹሕ ሜታኖልን እስከ መጨረሻው የደረጃ ወሰን ያደርሰዋል። መርከቡ ቀደም ሲል ሌላ ጭነት ይዞ፣ ታንኩም በባሕር ውሃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ በደንብ ሳይለቀለቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው በመርከብ ንግድ፣ ሜታኖል ከመጫኑ በፊት የታንኩን ግድግዳ በሜታኖል አጥቦ እጣቢውን ለክሎራይድ መመርመር የተለመደው። የዚህን ምርመራ ወረቀት ከሻጩ የሚጠይቅ አስመጪ ስንት ነው?

መርከቡም ቢጸዳ ነገሩ አላለቀም። ሜታኖሉ ከትልቁ ታንክ ወደ በርሜል ይገለበጣል። በርሜል በእኛ አገር ብዙ ሕይወት እንዳለው መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ዘይት የያዘው ነገ ሳሙና፣ ከነገ ወዲያ ውሃ ይይዛል። ላገለገለ በርሜል የተከፈለው ትንሽ ገንዘብ ጥቅም መስሎ ይታያል፤ በበርሜሉ ታች የቀረው ደለል ግን በመቶ ሺህ ብር የተገዛን ካታሊስት ሊያበላሽ ይችላል። ውሃውም እንዲሁ ነው። በከተማ ቧንቧ የሚመጣ ውሃ በክሎሪን የታከመ ሲሆን፣ ለመጠጥ የሚያገለግል ጥሩ ውሃ እንኳ በ1 ሊትር 20 ሚሊግራም ክሎራይድ ቢኖርበት ማንም ጤናን ይጎዳል አይልም። ለመዳቡ ግን ይህ ለሜታኖል ከተፈቀደው መጠን 40 እጥፍ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሃይድሮጂን 3 ኪሎ ውሃ ስለሚገባ፣ ጨውን ከውሃ የሚያወጣ ማጣሪያ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ያልተገዛለት ደንበኛ የተሸጠለት ግማሽ ዕቃ ነው ብል አልተሳሳትሁም።

እንዲህ ያለው ጉዳት በደረሰ ጊዜ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። መሣሪያውን የሸጠው ካታሊስቱ ጥሩ አልነበረም ይላል። የካታሊስቱ ሻጭ ሜታኖሉ ቆሻሻ ነበር ይላል። ሜታኖሉን ያመጣው ደግሞ እኔ የሸጥሁት ደረጃውን የጠበቀ ነው፣ ውሃችሁን መርምሩ ይላል። ሦስቱም የየራሳቸው ወረቀት አላቸው፤ ፋብሪካው ቆሟል፤ ባንክ ወለዱን ይቆጥራል። ደንበኛው የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በከተማው ውስጥ ሱቅና ስም ያለው አስመጪ ነው። የባሕር ማዶው ሻጭ ስሙን በሌላ ገበያ ሊያድስ ይችላል፤ የእኛ ነጋዴ ግን በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ስም መኖር አለበት።

ስለዚህ የኔ አሳብ እንዲህ ነው። የመዳብ ካታሊስትን የሚያስመጣ ነጋዴ ዋጋውን በኪሎ መደራደር ትቶ፣ ካታሊስቱ በዕድሜው ሊሰጥ ዋስትና በሚገባለት የሃይድሮጂን መጠን ይደራደር። ሻጩ በውሉ ውስጥ፣ ሜታኖሉና ውሃው ይህን ያህል ንጹሕ ቢሆኑ፣ ሙቀቱም ከዚህ ባያልፍ፣ ካታሊስቱ ይህን ያህል ሃይድሮጂን ያወጣል ብሎ ይፈርም። ከዋጋውም የተወሰነው ክፍል መሣሪያው ለተወሰኑ ወራት በደንብ ከሠራ በኋላ የሚከፈል ይሁን። ሜታኖሉን የሚያቀርበው ነጋዴ ራሱ አስመጪው ቢሆን ይመረጣል፤ ባይሆን እንኳ ለእያንዳንዱ ጭነት የምርመራ የምስክር ወረቀት ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ሰነዶች መካከል እንዲቈጠር ያድርግ፤ ወረቀቱ ሳይቀርብ ባንኩ እንዳይከፍል። ከእያንዳንዱም ጭነት ናሙና በሦስት ጠርሙስ ተወስዶ በማኅተም ይታሸግ፤ አንዱ በሻጭ፣ አንዱ በገዥ፣ አንዱ ሁለቱም በተስማሙበት ገለልተኛ ወገን እጅ ይቀመጥ። ክርክር በተነሣ ጊዜ ከብዙ ገጽ ደብዳቤ ይልቅ ይህች ጠርሙስ ትናገራለች።

ይህ ሁሉ ጣጣ ዋጋውን ያስወድዳል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ያስወድዳል። እስኪ ለማስረዳት ያህል ብቻ በራሴ ቁጥር እናስላ። አንድ መሣሪያ 200 ኪሎ ካታሊስት የሚይዝ ቢሆንና አንዱ ሻጭ ኪሎውን በ2000 ብር፣ ሌላው በ1400 ብር ቢያቀርብ፣ የመጀመሪያው 400,000 ብር፣ ሁለተኛው 280,000 ብር ይሆናል። ብዙዎቻችን ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እንመርጣለን። ነገር ግን የመጀመሪያው ሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው አንድ ዓመት የሚያገለግል ቢሆን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛው የሚወጣው 840,000 ብር ነው። በዚህም ላይ ካታሊስት በተለወጠ ቁጥር መሣሪያው የሚቆምበት ቀንና አዲሱ እስኪመጣ በወደብና በጉምሩክ የሚያልፈው ጊዜ አለ። የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፣ ሁለተኛው ግዢ በመጀመሪያው ዋጋ እንደሚገኝ ተስፋ የሚያደርግ ካለ ብዙ ተስፋ ያለው ሰው ነው።

ከዚህ የበረታ ተቃውሞም አለ፤ እርሱንም ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። የውሃ ኃይል ባለበት አገር ሜታኖልን በውጭ ምንዛሪ ከማስመጣት ይልቅ ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጂን ማውጣት አይሻልም ወይ የሚል ነው። በዚህ መንገድ 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በ2025 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከድሮው ይበልጥ ተገቢ ሆኗል። በእኔ አስተያየት የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ መስመር በደጁ ያለው ፋብሪካ በመጀመሪያ ይህንኑ ዋጋ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ኤሌክትሪኩ በብር ይከፈላል፣ ሜታኖሉ ግን በየጭነቱ ዶላር ይፈልጋል። መብራት የሚቆራረጥበት፣ ወይም ሃይድሮጂኑን በየተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚፈልግ ድርጅት ግን ከሜታኖሉ መሣሪያ ጥቅም ሊያገኝ ይችላል፤ ሜታኖል በበርሜል ሆኖ ይጠብቀዋልና። ሁለቱንም አስልቶ የሚያቀርብ አስመጪ ከደንበኛው ዘንድ ክብር ያገኛል፤ አንዱን ብቻ እያመሰገነ የሚሸጥ ግን አንድ ጊዜ ይሸጣል።

በማስታወቂያ ወረቀቶች ላይ «ንጹሕ ኃይል» የሚለው ቃልም በጥንቃቄ ቢታይ መልካም ነው። ከላይ እንደ ተባለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሃይድሮጂን ከ7 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ በዓለም ላይ ከሚሸጠው ሜታኖል ብዙው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከመሣሪያው የሚወጣው ጋዝ ራሱ ሳይጣራ ሦስት አራተኛው ብቻ ሃይድሮጂን ሲሆን፣ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን ይገድላል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትንም የሃይድሮጂን ሴሎች እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ ያደክማቸዋል። ስለዚህ ደንበኛው የሚፈልገው የንጽሕና ደረጃ ስንት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ማጣሪያ የሌለው መሣሪያ ሊሸጥለት አይገባም።

ስለ አያያዙም ጥቂት ልበል፤ ብዙው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። ካታሊስቱ በበርሜል ታሽጎ ይመጣል። ፍሬው ሸክላ የመሰለ ተሰባሪ ስለ ሆነ በርሜሉን ከመኪና ላይ መጣልና በመሬት ማንከባለል ክልክል ነው። የተሰበረው ዱቄት በቧንቧው ውስጥ ገብቶ የጋዙን መንገድ ይዘጋል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው መሣሪያው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ጫኝና አውራጅ ይህን ከራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ባለዕቃው በቦታው ተገኝቶ ሊያስረዳው ይገባል። ዝናብና እርጥበትም እንዳያገኘው በጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ።

አዲሱ ካታሊስት ኦክሳይድ ስለ ሆነ በመጋዘን ውስጥ አይቃጠልም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግን በናይትሮጂን በተቀጠነ ጥቂት ሃይድሮጂን፣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እያሳደጉ ወደ መዳብነት ሊመልሱት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ራሱ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ቸኩሎ ሃይድሮጂን የጨመረ ሠራተኛ አዲሱን ካታሊስት ገና ሥራ ሳይጀምር በአንድ ቀን ሊያቃጥለው ይችላል። ወደ መዳብነት ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ድንገት አየር ያገኘው እንደ ሆነ ራሱን በራሱ እያጋለ እስከ መንደድ ይደርሳል። ለዚህ ነው ተመልሶ ደረቅ ሆኖ የሚጫን የብረታ ብረት ካታሊስት በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር በቁጥር 2881፣ በራሳቸው ከሚነዱ ዕቃዎች ጎራ የተመደበው። በጭነት ሰነድ ላይ «የመዳብ ዱቄት» ብሎ ጽፎ በርካሽ የሚያሳልፍ አስተላላፊ፣ ነገ እሳት ቢነሣ የመድን ድርጅቱ አንድ ሳንቲም እንዳይከፍል ምክንያት እየሰጠው ነው።

ሜታኖሉን በሚመለከት ባለሱቆች በተለይ ይስሙኝ። ሜታኖል በመልክም በሽታም ከመጠጥ አልኮል ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰው ዓይንን ሊያጠፋ፣ ሕይወትንም ሊያሳልፍ ይችላል። በቼክ ሪፑብሊክ በ2012 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካ የተገዛ ሜታኖል ከመጠጥ ጋር ተቀላቅሎ በመሸጡ ከ40 ሰው በላይ ሞቷል፤ መንግሥቱም ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለበትን መጠጥ ሁሉ በመላ አገሪቱ እንዳይሸጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ከለከለ። ምንም ጥፋት የሌለበት ባለሱቅና ባለመሸታ ቤት ሁሉ በዚያ ሰሞን ገበያው ተዘጋ። እንግዲህ ሜታኖል የሚያስመጣ ነጋዴ ለማን ስንት በርሜል እንደ ሸጠ በመዝገብ ይያዝ፤ በጠርሙስና በጀሪካን ለማያውቀው ሰው አይቸርችር። በመጋዘኑም በርሜሎቹን ከምግብና ከመጠጥ ለይቶ በቁልፍ ያስቀምጥ። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን ለማየት እንደሚያስቸግር ለዘበኛውም ለሠራተኛውም ይነገራቸው።

በመጨረሻ የሚቀረው ሥራውን ጨርሶ የደከመው ካታሊስት ነው። ብዙዎች እንደ ጥራጊ አይተው ሊጥሉት ይችላሉ፤ ይህ ግን ገንዘብ መጣል ነው። ከ100 ኪሎ አዲስ ካታሊስት ውስጥ ግማሹ የመዳብ ኦክሳይድ ቢሆን፣ በውስጡ 40 ኪሎ ያህል ንጹሕ መዳብ አለ፤ ካታሊስቱ ቢደክምም መዳቡ የትም አልሄደም። መዳቡን አቅልጠው የሚያወጡ ድርጅቶች በውጭ አገር ይገኛሉ። ዕቃው ከቧንቧው ከመውጣቱ በፊት ግን ቀስ በቀስ አየር እየተሰጠው እንዳይነድ መደረግ አለበት። ያገለገለ ካታሊስትን ከአገር ወደ አገር ማሻገርንም፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በባዝል የተደረገውና አገራችን የገባችበት የአደገኛ ቆሻሻ ስምምነት ሊመለከተው ስለሚችል፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚቀለው ሻጩ ራሱ አሮጌውን መልሶ እንዲወስድ መስማማት ነው፤ የመዳቡ ዋጋ በየትኛው ቀን ገበያ እንደሚታሰብለትና የመመለሻው ጭነት ሒሳብ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ አዲሱ ካታሊስት ገና ከመርከብ ሳይጫን በውሉ ላይ ይጻፍ።